ዳገቱ ለልብ፣ ቁልቁለቱ ለጉልበት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና ደብረ ብርሃንን አልፎ የደጋውን ሜዳ ሲጨርስ ጣርማ በር ላይ መሬት ከፊቱ ትሰወራለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው ዋሻ በአንድ በኩል የገብስና የባቄላ አገር፣ በሌላ በኩል ጉም ከሥሩ የሚትጎለጎልበት ገደል አለው። በሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱ በደብረ ሲና አድርጎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ግድም ይወርዳል። በመኪና ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ የጆሮ መደፈንና የፍሬን ሽታ ነው። በእግሩ ለሚሄድ ግን ዳገትና ቁልቁለት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ልቡ ይደልቃል። ሲወርድ ትንፋሹ ደኅና ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ጭኑ ነው። በማግስቱ ከመደብ ሲነሳ «እህ» የሚያሰኘውም በአብዛኛው ቁልቁለቱ ነው።

ሐኪሞችና የስፖርት ባለሙያዎች ለዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ እዚህ ገደል ላይ በአንድ ጉዞ ይገኛል። ለልብ ጤናና ለደኅና እርጅና የሚበጀው የትኛው ነው? ልብና ሳንባን የሚያሠራው እርምጃ፣ ሶምሶማና ሩጫ፣ በጂም ቋንቋ ካርዲዮ የሚባለው? ወይስ ጡንቻን የሚያጠነክረው ብረት ማንሳት? በየከተማው ጂም ውስጥ መሮጫ ማሽን ላይ የሚያልባቸው አንድ ወገን፣ ብረት የሚገፉት ሌላ ወገን ሆነው ይታያሉ፤ አንዱ የሌላውን ጥግ እምብዛም አይረግጥም። የዚህ ንግግር አቋም ግን ሁለቱ የተቀናቀኑት ሰው ዳገትና ቁልቁለቱን ትቶ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ነው የሚል ነው።

ነገሩን የሚያስረዳ አንድ ጥናት በኦስትሪያ የአልፕስ ተራሮች ተካሂዷል። ሃይንስ ድሬክሰል የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ጤነኛ ሆነው እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ 45 ሰዎችን መረጡ። ሰዎቹ ለሁለት ወር ተራራውን በእግር እየወጡ በገመድ መኪና ወረዱ፤ ለሌላ ሁለት ወር ደግሞ በገመድ መኪና እየወጡ በእግር ወረዱ። የከፍታው ልዩነት 540 ሜትር ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ቀረበ። መጥፎው ኮሌስትሮል በሁለቱም ቀነሰ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ የቀነሰው ዳገት ሲወጡ ነበር። ሰውነት ስኳርን የመቆጣጠር ችሎታው የተሻሻለው ግን ቁልቁለት ሲወርዱ ነው።

ወራጅ ሰው የጭኑ ጡንቻ እየተሳበ የሰውነቱን ክብደት ይይዛል፤ ይህም ብረትን ካነሱ በኋላ ቀስ አድርጎ ከማውረድ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባው ስኳር ዋነኛ ጎተራው ጡንቻ ነው። ጎተራው ሲሠራበት ይሰፋል፤ ሥራ ሲፈታ ይጠባል፣ ስኳሩም ደጅ ያድራል። የአልፕሱ ጥናት ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ብቻውን ፍርድ አያሰጥም። ጣርማ በርን በእግሩ ለሚያውቅ ሰው ግን እንግዳ አይሆንበትም።

ትልልቆቹ ማስረጃዎች የመጡት ከሥራ ቦታ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተሙት ጥናት ስለ ለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ቲኬት ቆራጩ በመቶ የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። መሥሪያ ቤታቸው አንድ፣ መኪናቸው አንድ፤ በልብ ደም ሥር ሕመም በብዛት የተያዙትና በድንገት የሞቱት ግን ሾፌሮቹ ነበሩ። ሞሪስ በዚህ አላበቁም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደንብ ልብስ መዝገብ አገላብጠው ሾፌሮቹ ገና ከወጣትነታቸው ሰፋ ያለ ሱሪ ይለብሱ እንደነበር አገኙ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ በደረጃ መውጣት የመጣ አልነበረም ማለት ነው። የራሱን ግኝት እንዲህ አገላብጦ የሚመረምር ሰው ሲናገር ጆሮ መስጠት ይገባል።

የሞሪስ ጥናት ለካርዲዮ ወገን ካደላ፣ የራልፍ ፓፈንባርገር ጥናት ለሸክም ወገን ያደላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ጭነት የሚያወርዱና የሚጭኑ 6,351 ወንዶችን ለ22 ዓመት ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደታየው ከባዱን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ቀለል ያለ ሥራ ከሚሠሩት ይልቅ በልብ ሕመም የሚሞቱት በጣም ጥቂት ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሯጮች አልነበሩም። ጆንያና ሣጥን ነበር የሚያነሱት።

ታዲያ በደብረ ብርሃን መጋዘኖች ኩንታል ተሸክሞ የሚውለው ጫኝና አውራጅ ልቡ ተጠብቆለታል ማለት ነው? እዚህ ላይ ቸኩሎ አዎ ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የኮፐንሃገን ጥናት 104,046 ሰዎችን ተከታትሎ ግራ የሚያጋባ ነገር አሳይቷል። በትርፍ ጊዜያቸው እንቅስቃሴ የሚያዘወትሩት በልብና በስትሮክ አደጋ የሚያዙት ያነሱ ናቸው። በሥራ ላይ እጅግ ከባድ ጉልበት የሚያፈሱት ግን ቀላል ሥራ ካላቸው ይልቅ አደጋቸው 35 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ዕረፍት ነው። ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ሲደክመው ይቆማል። የቀን ሠራተኛ መቆሚያውን የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ይውላል፣ ሳያገግም ነገ ይመጣበታል። የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ሠራተኞች ሥራ በአንጻሩ አጫጭር ከባድ ጥረት፣ ከዚያ ፋታ፣ ከዚያ ደግሞ ጥረት ነበር። ፓፈንባርገር ጥበቃውን ያገኙት በዚህ ዓይነቱ ተደጋጋሚ ጥረት ነው ብለው ነበር።

ይህ ልዩነት ለገጠር ሴቶች ትልቅ ትርጉም አለው። እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ፣ ውኃ ቀድታ የምትመለስ፣ ከዚያ ምጣድ የምትጥድ እናትን «ስፖርት ይሥሩ» ማለት ቀልድ ነው። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ከማንም በላይ ሠርታዋለች። የሚጎድላት ዕረፍትና በቂ ምግብ ነው፣ የሚጎዳት ደግሞ የኩበት ጢስ ነው። ጢሱ ሳንባን ብቻ ሳይሆን የደም ሥሮችንም ያውካል። ለእሷ ልብ ጭስ የሚቀንስ ምድጃና በቅርብ የሚገኝ ውኃ ከየትኛውም የጂም መሣሪያ ይበልጣሉ።

ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ የሚሆነው ለተቀማጩ ነው። ለእሱ በቀጥታ የሚመልስ ሙከራ በአሜሪካ አይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 70 የሆነ፣ ክብደታቸውና የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ 406 ሰዎች በዕጣ በአራት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ካርዲዮ ብቻ፣ ሁለተኛው ጡንቻ ማጠንከሪያ ብቻ፣ ሦስተኛው ሰዓቱን ለሁለት ከፍሎ ሁለቱንም ሠራ፤ አራተኛው እንደወትሮው ኖረ። ሠሪዎቹ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ዓመት ሙሉ ቀጠሉ። የደም ግፊት፣ መጥፎ ኮሌስትሮል፣ ስኳርና የሰውነት ስብ ተደምረው ሲለኩ ካርዲዮ ብቻ የሠሩትም ሁለቱን የቀላቀሉትም ተሻሽለዋል። ብረት ብቻ ያነሱት በዚህ ድምር መለኪያ ካልሠሩት አልተለዩም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ ቀላቃዮቹ ካርዲዮ የሠሩት የግማሹን ጊዜ ብቻ ሆኖ የልብ ጥቅሙ አልቀነሰባቸውም፣ በላዩም ጉልበት ጨመሩ።

ስለዚህ አንድ ሰው ልቡን ብቻ አስቦ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል እርምጃውን ይምረጥ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈጠን ብሎ ለረዥም ጊዜ የሚሄድ ሰው ልቡ በየምቱ ብዙ ደም ይቀበላል፣ ብዙ ደም ይረጫል። ወራት ሲያልፉ ክፍሎቹ ይሰፋሉ፣ በዕረፍት ጊዜ የሚመታው ቀስ ብሎ ይሆናል፣ የደም ሥሮቹም ልስላሴያቸውን ይጠብቃሉ። ከባድ ብረት ሲነሳ ግን ልብ የሚገጥመው የግፊት ሥራ ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1985 አምስት ሰውነት ገንቢዎች ከባድ ክብደት በእግራቸው ሲገፉ የደም ግፊታቸው በደም ሥር ውስጥ በገባ መሣሪያ ተለካ፤ አማካዩ 320 በ250 ደረሰ። ለዚያች ቅጽበት ነው፣ ወዲያው ይወርዳል፤ ትንፋሽን አምቆ ማንሳት ግን በጣም ያባብሰዋል። ብረት የለመዱ ሰዎች ሲገፉ ወደ ውጭ የሚተነፍሱት ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ካርዲዮ ሲባል ሩጫ ይታሰባል፣ ሩጫ ሲባል አበበ ቢቂላ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን ከቶኪዮው ሩጫ በኋላ የሆነውን ነው። ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ሜዳው ላይ ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የሕይወቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ብዙም አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1969 በዚሁ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ ሸኖ አካባቢ፣ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን ተገለበጠች፤ እግሮቹም ዳግመኛ አልሄዱም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ በቀጣዩ ዓመት እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ውድድር ላይ በቀስት ውርወራ ቀረበ። የዓለም ታላቁ የእግር ሰው የቀረውን ስፖርት በክንዱና በትከሻው ሠራ ማለት ነው። ያረፈው በ1973፣ ገና በ41 ዓመቱ ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ልባችን የዳገት ልብ ነው» የሚል መኩራሪያ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንትያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ ያለችውን የአምባራስን ነዋሪዎች መርምረው የደማቸው የኦክስጂን መጠን 95 በመቶ ገደማ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ከባሕር ጠረፍ ሰው የማይለይ ሆኖ አግኝተዋል። ይህ ድንቅ ነው። ነገር ግን ለስስ አየር የተስማማ ደም ከደም ግፊትና ከስኳር አያስጥልም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ወደ 16 በመቶ የሚጠጉት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ደብረ ብርሃን በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርክ አገኘች። አባቱ ገደል ሲወጣ የኖረ ሰው ልጅ ዛሬ ቢሮ ውሎ በባጃጅ ቤቱ ይገባል፤ የአባቱ ዳገት ግን አይወረስም።

እስካሁን የተባለው ስለ ልብ ነው። እርጅና ሲጨመርበት ሚዛኑ ይለወጣል።

ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ መቀነሱ ይፈጥናል። እርምጃ ብቻውን ይህን አያቆመውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በ17 አገሮች ወደ 140,000 ሰዎችን ያካተተ ጥናት የእጅ ጭብጥ ጥንካሬን ለካ። ጭብጡ በ5 ኪሎ ግራም በደከመ ቁጥር በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድል በ16 በመቶ፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድል በ17 በመቶ ከፍ ይላል። ማን ቀድሞ እንደሚሞት በማመልከት የእጅ ጭብጥ ከደም ግፊት ልኬት በልጦ ተገኘ። እጅን ማጠንከር ብቻ ዕድሜ ያስረዝማል ማለት አይደለም፤ ጭብጥ የመላው ሰውነት ምልክት ነው።

ሽማግሌ ጡንቻ ይመለሳል ወይ? ማሪያ ፊያታሮን የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት የቦስተን ሙከራ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 የሆኑ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ አሥር ደካሞችን ይዞ ተነሳ። ስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት አነሱ፤ ከባድ ክብደት እንጂ ለይስሙላ አይደለም። የጭናቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ከመካከላቸው ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ። እዚህ ላይ ንግግሩን የሚሰማ ሰው እናቱን ወይም አያቱን ማሰቡ አይቀርም። በባህላችን ለአረጋዊ ክብር የምንሰጠው ሥራ በማስተው ነው፤ «አንቺ ተቀመጪ እማማ፣ እኔ አነሳዋለሁ» እንላለን። በቅንነት የተባለች ይህች ቃል በየቀኑ ስትደጋገም ግን ጭኗን ሥራ ታስፈታዋለች።

ብራዚላዊው ሐኪም ክላውዲዮ ጂል አራውዦ ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 የሆነ 2,002 ሰዎችን መሬት ላይ እንዲቀመጡና እንዲነሱ አድርገው ነጥብ ሰጧቸው። እጅና ጉልበታቸውን ተደግፈው የተነሱት፣ በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ያለ ድጋፍ ከተነሱት እጅግ ከፍ ያለ ነበር። በመደብና በበርጩማ ያደገ ሰው ይህን ፈተና ሳያውቀው በየቀኑ ሲፈተን ኖሯል። ሶፋ ሲገባ ፈተናው ቀረ።

ስግደትም አለ። በሰሞነ ሕማማት ምእመኑ ከቆመበት ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይነሳል፣ ደግሞ ይሰግዳል። ይህ ጸሎት ነው፣ ስፖርት አይደለም፤ ጭን ግን በጸሎትና በጂም ቋንቋ ስኳት በሚባለው ቁጢጥ ብሎ መነሳት መካከል ያለውን ልዩነት አያውቅም። ከትንሣኤ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም፤ ጡንቻ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ዕረፍት ያገኘውን መመለስ ይጀምራል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም አረጋዊ ሌላም ሐሳብ አለበት። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይገነባም፤ ለአረጋውያን የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። የ55 ኪሎ ሰው ከ55 እስከ 66 ግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። መቶ ግራም ደረቅ ባቄላ 25 ግራም ያህል ይዟል። የጣርማ በር አገር ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ንፍሮው፣ ሽሮውና ምስሩ በቂ ሆኖ ከቀረበ ያደርሰዋል። ችግሩ አረጋዊው ሻይና ዳቦ ቀምሶ ሲያድር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በላዩ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይላል፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ሚዛን መጠበቂያና ጥንካሬን ያጣመረ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ያክላል። ለጡንቻው ሥራ ብዙ ሰዓት አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በሳምንት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ልክ ነው። ደብረ ብርሃን ሜዳ ስለሆነች እርምጃው ቀላል ነው፤ ጉልበቱን ግን ከተማዋ በነጻ አትሰጥም። አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ውኃ ሲሞላ አምስት ኪሎ ነው። ሁለቱን በሁለት እጅ ይዞ ከወንበር ቀስ ብሎ መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ በተለይ መቀመጡን ማዘግየት፣ ከቁልቁለት ጋር አንድ ሥራ ነው። ስምንት አሥር ጊዜ ተደርጎ ካልከበደ ጀሪካኑ ይተልቃል። በማግስቱ ጭን ቢታመም የሚጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ይቀልላል።

ሁሉም ልብ ግን በእንቅስቃሴ አይድንም። በኢትዮጵያ የብዙ ወጣቶች የልብ ሕመም ከልጅነት የጉሮሮ ቁስለት ተነስቶ የልብን በር የሚያበላሽ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም መፍትሔው ጉሮሮውን በጊዜ ማከም፣ ካለፈም ቀዶ ሕክምና ነው፤ በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል እንዲቋቋም የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለዓመታት የደከሙት ለእነዚህ ልጆች ነበር። ደረጃ ሲወጣ ያለ ልክ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ የሚያብጥ ወይም ደረቱን የሚጨምቀው ሰው ሶምሶማ ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። ብረት ለሚያነሳም እንዲሁ ነው። በዕረፍት ጊዜ የደም ግፊቱ ከ180 በ110 የሚበልጥ ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን ይያዝ፤ ጀሪካኑ ከዚያ በኋላ ይሞላል።